የካርጎ ክሌም እንግሊዝኛን እንዴት ተማረች፦ የአንዲት ባልደረባዬ የጉዳይ ጥናት

ይሄን የምጽፈው ኢንሹራንስ ቤት ለምትሰሩ ነው፣ በተለይ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ወይም ሪኢንሹራንስ (ኢንሹራንስ ድርጅቱ ራሱ የሚገባው መድን) ላይ ሆናችሁ በየቀኑ በእንግሊዝኛ ለምትጻጻፉና እንግሊዝኛዬ ለዚህ ስራ አልበቃም እያላችሁ ኮርስ ለምታፈላልጉ። ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡት። ጉዳዩ የአንዲት ባልደረባዬ ነው፣ ጻፈው ብላ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፣ ደንበኛውን የሚያስለይ ነገርም አውጥቼዋለሁ። እኔ በዛን ጊዜ እዛው ክፍል ሲኒየር ስለነበርኩ የምትጽፈው አብዛኛው ነገር በእጄ ያልፍ ነበር፣ ስለዚ የማወራው ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይሰመርበት፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። የሞተር (የተሽከርካሪ) ክሌም ላይ ለዓመታት ሰርታለች፣ የጎደለ ዶክመንት በአንድ እይታ ታገኛለች፣ የተጋነነ የጥገና ዋጋ ሲቀርብላት ገና ወረቀቱን ስታየው ይገባታል። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፣ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ፈተናም በእንግሊዝኛ ወስዳ አልፋለች። ኢንደምኒቲ ምንድነው፣ ሰብሮጌሽን ምንድነው፣ ፕሮክሲሜት ኮዝ ምንድነው ብትሏት ሳታስብ ትመልስላችኋለች። እንግሊዝኛ አትችልም የሚላት ሰው አልነበረም፣ እሷም ራሷ እንደዛ አስባ አታውቅም።

ችግሩ የታየው ወደ ማሪን ካርጎ (በመርከብ የሚጫን ዕቃ መድን) ስትዛወር ነው። የሞተር ክሌም ከደንበኛው ጋር በራሳችን ቋንቋ ተነጋግረን ነው የሚያልቀው፣ እንግሊዝኛው ፎርም መሙያ ላይ ብቻ ነው። ካርጎ ላይ ግን ፖሊሲው እንግሊዝኛ፣ ሰርቬየሩ (ጉዳቱን የሚመረምረው ባለሙያ) እንግሊዝኛ፣ ብሮከሩ (የደንበኛው ወኪል) እንግሊዝኛ፣ የመርከብ ድርጅቱ እንግሊዝኛ፣ ሪኢንሹረሩ እንግሊዝኛ ነው። ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። አብዛኛው የካርጎ ፖሊሲ የሚቆመው ኢንስቲትዩት ካርጎ ክሎዝስ በሚባሉት የለንደን ገበያ አንቀጾች ላይ ነው፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉት። እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥተው በ2009 ተሻሽለዋል፣ ከነሱ በፊት ይሰራበት የነበረው የሎይድስ (የለንደኑ የኢንሹራንስ ገበያ) ፎርም ደግሞ በ1779 የጸደቀ ነበር፣ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሲሰራበት ኖረ ማለት ነው። የ2009ኙን አንቀጽ 19 ብታዩት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ይሄ ኢንሹራንስ ለእንግሊዝ ህግና አሰራር ተገዢ ነው ይላል። እንግዲህ ከጀርባው የ1906ቱ የማሪን ኢንሹራንስ አዋጅ አለ፣ ከዛም በኋላ የተከማቸ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፣ እያንዳንዱ ቃል ተከራክረውበት የተወሰነ ትርጉም ይዟል። ስለዚ እዚህ ስራ ላይ እንግሊዝኛ መግባቢያ ብቻ አይደለም፣ ውሉ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ ልምጣ።

በኮንቴይነር የተጫነ የወረቀት ጥቅል ነው። ሲከፈት የተወሰኑት ጥቅሎች እርጥብ ሆነው ተገኙ፣ ጠርዛቸው አብጧል፣ መጠቅለያቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። የደንበኛው ብሮከር ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ድርጅቱ የጭነት ሰነድ) እና ፎቶዎች አያይዞ ክሌም ላከ። እሷ የዛኑ ቀን መለሰች፣ ፈጣን ናት ብያችኋለሁ። የላከችው ኢሜይል አጭር ነበር፣ ዋናው አረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ዊ ሃቭ አክሴፕትድ ዩር ክሌም ቱጌዘር ዊዝ ኦል ሰፖርቲንግ ዶክመንትስ።"

ሰዋሰው ላይ ምንም ስህተት የለበትም። ብሮከሩ በማግስቱ መለሰ፣ ክሌሙን ስለተቀበላችሁ እናመሰግናለን፣ ደንበኛችን ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም ማወቅ ይፈልጋል አለ።

ምን እንደሆነ ገብቷችኋል። በአማርኛ ክሌማችሁን ከነሰነዱ ተቀብለናል ስንል ወረቀቱ ደርሶናል ማለታችን ነው፣ ማንም ሰው ይሄን ሰምቶ ልትከፍሉን ነው አይልም። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚናገረው፣ ወረቀት ሲደርስህ አክኖውሌጅ ታደርጋለህ (ደርሶኛል ትላለህ)፣ አክሴፕት የምትለው ግን እከፍላለሁ ብለህ ስትወስን ነው። ሰርቬየር ገና አልሄደም፣ ውሃው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፣ እኛ ግን በጽሁፍ ተቀብለናል ብለናል። ብሮከሩ ተንኮለኛ ነው አልልም፣ የተጻፈለትን ነው ያነበበው።

ደግሞ የከበደው የሪኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው። የኛ ውል ላይ የክሌምስ ኮንትሮል አንቀጽ ነበረበት፣ ማለትም ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ክሌም ላይ ሪኢንሹረሩ ሳያውቅና ሳይስማማ ኃላፊነት ማመን አይቻልም። እንደዛ አይነት ውል ያላችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ያለፈቃድ ካመናችሁ ድርሻችንን አንከፍልም የሚል ክርክር ሊመጣ ይችላል። የአንድ ኢሜይል አንድ ቃል እዛ ድረስ ይደርሳል።

ያደረግነው በማግስቱ ጠዋት የማስተካከያ ደብዳቤ መላክ ነው። የቀደመው ኢሜይል የክሌሙ ማመልከቻና ሰነዶቹ መድረሳቸውን ለማሳወቅ ብቻ የተጻፈ መሆኑን፣ ክሌሙ ገና በምርመራ ላይ መሆኑን፣ ሰርቬየር መመደቡን፣ በፖሊሲው መሰረት ያሉን መብቶች በሙሉ የተጠበቁ መሆናቸውን ገለጽን። ብሮከሩ ትንሽ አጉረመረመ፣ ግን ተቀበለው። ቶሎ ስለታረመ ነው፣ ሰርቬይ ሪፖርቱ ከመጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ እንደዛ በቀላሉ አይለቀንም ነበር።

እሷ በጣም ነው የከፋት። እንግሊዝኛዬ እንደዚህ ደካማ መሆኑን አላውቅም ነበር አለችኝ፣ የዛን ሳምንት የማታ ኮርስ ልትመዘገብ ፎርም ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ ቆይ አልኳት። ምክንያቱም ድካሟ እንግሊዝኛ አልነበረም፣ ወይም እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም። አረፍተ ነገር ስትጽፍ ትክክል ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ይሄ አረፍተ ነገር ድርጅቴን ምን ግዴታ ውስጥ ያስገባዋል ብላ አትጠይቅም። ይሄን ደግሞ የትኛውም አጠቃላይ ኮርስ አያስተምርም። ከዛ በፊት ድርጅቱ የሰጣት የቢዝነስ እንግሊዝኛ ስልጠና ነበረ፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ስብሰባ መምራት፣ ስለ ቅዳሜና እሁድ ማውራት ምናምን። መጥፎ ስልጠና ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ከሰለጠኑት መሀል አንድም ሰው ፖሊሲ አልከፈተም፣ አንድም ሰው ለሰርቬየር ደብዳቤ አልጻፈም።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ሰርቬይ ሪፖርቱ ሲደርስ ነው፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ያስተማረንም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰርቬየሩ ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ ነጠብጣቦቹ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጓል። ይሄ ካርጎ ላይ የተለመደ ሙከራ ነው፣ ጨው ካለበት ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ ያኔ የባህር ውሃ ነው ብለህ ትጠረጥራለህ፣ ካልረጋ ጨው የሌለው ውሃ ነው። ሁለተኛ ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ በጨለማ ቆሟል፣ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ካለ ብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታያል። ታይቷል።

ሪፖርቱ ላይ የጻፈው ታዲያ በጣም የተጠነቀቀ ነው። የሲልቨር ናይትሬቱ ውጤት ኔጋቲቭ ነው፣ ይሄም ጨው ከሌለው ውሃ ጋር ኮንሲስተንት ነው፣ ጣሪያው ላይ በታዩት ቀዳዳዎች የገባ ዝናብ ዋናው ምንጭ ይመስላል፣ ሆኖም በሩ አካባቢ የነበሩት ጥቅሎች ላይ ኮንቴይነሩ ውስጥ በተፈጠረ ላብ (የአየሩ እርጥበት ወደ ውሃ ጠብታ ተቀይሮ) የደረሰ ጉዳት ሊኖር እንደሚችል ከወዲሁ ማስወገድ አይቻልም፣ ይላል ሲጠቃለል። እሷ ለሪኢንሹረሩ ባዘጋጀችው ድራፍት ላይ ይሄን ሁሉ በአንድ መስመር ጨረሰችው፦ ሰርቬየሩ የዝናብ ውሃ ኮንቴይነሩ ውስጥ መግባቱን አረጋግጧል።

አላረጋገጠም። እንደዛ አላለም። ከመላኩ በፊት ስለያዝነው ጉዳት አላመጣም፣ ግን ቁጭ ብለን ያወራንበት ነገር ነው። ሰርቬየር ሲጽፍ የእርግጠኝነት ደረጃ አለው። ኢዝ ካለ ነው ማለቱ ነው። ኢን አወር ኦፒኒየን ካለ የሙያ አስተያየቱን ነው የሰጠው፣ ሊከራከርለት ዝግጁ ነው። ኮንሲስተንት ዊዝ ካለ ከዚህ ጋር አይጋጭም ነው ያለው እንጂ ከዚህ የመጣ ነው አላለም፣ ከሌላም ነገር ጋር ላይጋጭ ይችላል። ዉድ አፒር ቱ ቢ ካለ ይመስላል ብሏል፣ ወደኋላ የሚመለስበት በር ትቷል። ካኖት ቢ ሩልድ አውት ካለ ደግሞ አጣሩ እያላችሁ ነው። አንድ ሪፖርት ውስጥ እነዚህ አምስቱም ሊኖሩ ይችላሉ፣ የተለያየ ቦታ ላይ የተቀመጡትም ሆን ተብሎ ነው። እሷ ሁሉንም ኮንፈርምድ አድርጋቸው ነበር።

ለምን ይሄ ገንዘብ እንደሆነ ላስረዳ፣ አዲስ የገባችሁ ካላችሁ። ፖሊሲው ክሎዝ ኤ ነበር። ኤ በአንቀጽ 4 እና ቀጥለው በሚመጡት ካልተከለከለ በስተቀር ማንኛውንም የጉዳት አደጋ ይሸፍናል። ቢ ቢሆን ኖሮ የተዘረዘረው ብቻ ነው የሚሸፈነው፣ እዛ ዝርዝር ውስጥ የባህር፣ የሀይቅና የወንዝ ውሃ መግባት አለ፣ ዝናብ ግን የለም። ሲ ላይ ውሃ መግባት ጭራሽ የለም። ስለዚ ኤ ላይ በቀዳዳ የገባ ዝናብ በመርህ ደረጃ ይሸፈናል። ላብ ግን ሌላ ነው፣ እርጥበቱ ከራሱ ከዕቃው ከወጣ አንቀጽ 4.4 ላይ ያለው ኢንሄረንት ቫይስ (ከዕቃው ከራሱ ባህርይ የሚመጣ ጉዳት) ይነሳል፣ እርጥብ እንጨት ላይ ተጭኖ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 4.3 ላይ ያለው የማሸግ ጉድለት ይነሳል። በሩ አካባቢ ያሉት ጥቅሎች ጥያቄ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ዝናብ ነው ተረጋግጧል ብለን ለሪኢንሹረሩ ጽፈን፣ ኋላ ለደንበኛው ከፊሉ ላብ ነው ብንለው ማን ያምነናል? ሁለቱም ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጡት።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ትምህርቱን የጀመርነው፣ ኮርሱን ትታ በፋይሉ። በዛው ሳምንት ከአንዱ ክሌም ሶስት ደብዳቤ መውጣት ነበረበት፣ ሶስቱም በእንግሊዝኛ፣ ሶስቱም ስለዛው እርጥብ ወረቀት። ለብሮከሩ የሚጻፈው ምንም የማያስገባ መሆን አለበት፣ ሪፖርቱ ደርሶናል፣ እነዚህ ሰነዶች ይቀሩናል፣ መብታችን እንደተጠበቀ ነው። ለመርከብ ድርጅቱ የሚጻፈው ግን ተቃራኒው ነው፣ እዛ መለሳለስ አያስፈልግም፣ ለደረሰው ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ይመስለናል ምናምን የለም። ለሪኢንሹረሩ የሚሄደው ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት፣ ይሄ ይታወቃል፣ ይሄ አይታወቅም፣ መጠባበቂያ የያዝነው ይሄን ያህል ነው፣ ቀጥለን የምናደርገው ይሄ ነው።

ሶስቱን እሷ ትጻፋቸው አልኩ። መጀመሪያ የጻፈቻቸው ሶስቱም አንድ አይነት ድምጽ ነበራቸው፣ ትሁት። ለመርከብ ድርጅቱ የጻፈችው ላይ ጉዳዩን በበጎ እንደምታዩልን ተስፋ እናደርጋለን ትላለች። ይሄ የሞተር ክሌም ጊዜ ልማድ ነው፣ ደንበኛ የማስተናገድ ድምጽ ነው። ትህትና መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን እዚህ ደብዳቤ ላይ ጊዜ እየሮጠ ነው። ጭነቱ በሄግ ቪዝቢ ሩልስ (የባህር ጭነት ዓለም አቀፍ ደንብ) የሚተዳደር ከሆነ ከውጭ የማይታይ ጉዳት ዕቃው ከተረከበ በሶስት ቀን ውስጥ በጽሁፍ መነገር አለበት፣ ካልተነገረ ክሌሙ አይሞትም ግን ዕቃው በደህና እንደተረከበ ይገመትና ማስረዳቱ አንተ ላይ ይወድቃል። ክስ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፣ እሱ ካለፈ በቃ አለፈ፣ መርከብ ድርጅቱ ላይ ያለህ መብት ይጠፋል። ደንበኛው ማስታወቂያውን በጊዜው ልኳል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። የኛ ደብዳቤ እሱን ተከትሎ የሚጠናከር ነው።

ደጋግማ ጻፈችው። እኔ ሰዋሰው አላርምም ነበር፣ ይሄን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ከእያንዳንዱ አረፍተ ነገር ጎን በእርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፣ በዚህ ምን ገባን? ወይም ምን አስገባንባቸው? አንዳንዱ ጎን መልሱ ምንም ነው፣ ያኔ አረፍተ ነገሩ ይወጣል። ደብዳቤዎቹ በግማሽ አጠሩ። ሲያጥሩ ደግሞ የሰዋሰው ስህተቱም አብሮ ጠፋ፣ ምክንያቱም ስህተቷ ሁሉ ያለው ረጅም የማስዋቢያ አረፍተ ነገሮች ላይ ነበር።

ከዛ በኋላ ራሷ ያመጣችው ዘዴ ነው ለኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ነገር። የተዘጉ የካርጎ ፋይሎችን ከመዝገብ ቤት እያስወጣች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ክሌሙ እንዴት እንዳለቀ ታያለች፣ ተከፍሎ ነው ተከልክሎ ነው ተደራድረው ነው፣ ከዛ ወደኋላ እየሄደች የትኛው ደብዳቤ ላይ የትኛው አረፍተ ነገር ወደዚህ እንዳመጣው ትፈልጋለች። ጥሩ አረፍተ ነገር ስታገኝ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች፣ ግን በኤ ቢ ሲ ተራ አይደለም የምታስቀምጠው፣ በሚሰራው ስራ ነው። አንድ ገጽ ደረሰን ለማለት፣ አንድ ገጽ ሰነድ ለመጠየቅ፣ አንድ ገጽ ጊዜ ለመግዛት፣ አንድ ገጽ መብት ለማስጠበቅ፣ አንድ ገጽ ሌላውን ወገን ተጠያቂ ለማድረግ፣ አንድ ገጽ እምቢ ለማለት። እዛ ደብተር ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ የለንደን ብሮከሮችና ሰርቬየሮች፣ ያረጁ የክሌም ሰዎች የጻፉት ነው፣ የትም ኮርስ ላይ አይሸጥም፣ የእናንተም መዝገብ ቤት ውስጥ ግን በነጻ ተቀምጦላችኋል።

ከዛ በፊት በስልኳ የጫነችው የኢንሹራንስ ቃላት ዝርዝር ነበራት፣ ረጅም፣ በየቀኑ የምታጠናው። ብዙም አልጠቀማትም። ቃላቱን ታውቃቸዋለች፣ ፈተናም አልፋባቸዋለች፣ ያጣችው እነሱን ተሸክሞ የሚሄደውን አረፍተ ነገር ነው። ሪዘርቭ ምን እንደሆነ ማወቅና ዊ ሪዘርቭ አወር ራይትስ ብሎ በትክክለኛው ቀን መጻፍ የተለያየ እውቀት ነው።

ፖሊሲ ማንበብም አብሮ ተቀየረ። ድሮ ከላይ ጀምራ እስከታች እንደ ልቦለድ ታነበው ነበር፣ ይደክማታል፣ ትተወዋለች። አሁን መጀመሪያ ስኬጁሉን ታያለች፣ ማን ነው መድን የገባው፣ ምን ዕቃ፣ ከየት ወዴት፣ በስንት፣ ኤክሰሱ (ደንበኛው ራሱ የሚሸከመው መጠን) ስንት። ከዛ የሚሸፍነውን አንቀጽ፣ ከዛ የማይሸፍነውን፣ ከዛ ግዴታዎቹን፣ መጨረሻ ላይ ኢንዶርስመንቱን (ፖሊሲው ላይ የሚጨመረውን ማሻሻያ)። ኢንዶርስመንት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ትንሽ ወረቀት ስለሆነች ይዘሏታል፣ ያቺ ወረቀት ግን ከላይ ያለውን ሁሉ ልትሽረው ትችላለች። በቀይ የምታሰምረው ደግሞ ከባዱን ቃል አይደለም፣ አንለስ፣ ፕሮቫይድድ ዛት፣ ሰብጀክት ቱ፣ ኖትዊዝስታንዲንግ የሚሉትን መጋጠሚያዎች ነው። ኢንሹራንስ እንግሊዝኛ ውስጥ ገንዘቡ ያለው እዛ መጋጠሚያ ላይ ነው፣ ቀኝና ግራው ያለው ሀሳብ በራሱ ቀላል ነው። አንቀጽ 17ን በዚህ መንገድ አንብባ ስትመጣ ደስ ያለኝን አልረሳውም። ዕቃውን ለማዳን የሚወሰድ እርምጃ መብትን እንደመተው ወይም የተተወ ዕቃን እንደመቀበል አይቆጠርም ይላል፣ ስለዚ እርጥቦቹን ለይታችሁ አድርቁ ብለን ደንበኛውን ብናዘው አያስገባንም ማለት ነው ኣ? አለችኝ። አዎ፣ እንደዛ ማለት ነው። ከሳምንታት በፊት አክሴፕትድ ብላ የጻፈች ልጅ ናት ይሄን የምትጠይቀው።

ስለ ትርጉም ሶፍትዌርና ስለ ኤአይ ሳልናገር ባልፍ ጉዳዩ ጎደሎ ይሆናል፣ ምክንያቱም እሷም መጀመሪያ ላይ ትጠቀም ነበር፣ አሁንም ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ። ሁለት ነገር ነው ያየሁት። አንደኛው የሚስጥር ጉዳይ ነው፣ የደንበኛ ፋይል ድርጅቱ ያልፈቀደው የውጭ መሳሪያ ላይ ገልብጦ መለጠፍ አይቻልም፣ ስም ያለበት፣ መጠን ያለበት፣ የክርክር ስትራቴጂ ያለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማለስለሱ ነው። ሪፖርቱን አሳጥርልኝ ስትሉት ያ ሰርቬየሩ ተጨንቆ የደረደረው ይመስላል፣ ሊሆን ይችላል፣ አይጋጭም የሚለው ነገር አንዳንዴ ተጨፍልቆ ነው የሚወጣው፣ ልክ እሷ እንዳደረገችው። አሁን የምትጠቀመው የራሷን ደብዳቤ፣ ያውም ስምና ቁጥሩን አውጥታ፣ ሰዋሰው ለማየት ብቻ ነው፣ ከወጣ በኋላም ሜይ የነበረው ዊል ሆኖ እንደሆነ ታጣራለች።

ንግግሩ ዘግይቶ ነው የመጣው። ከሰርቬየሩ ጋር ስልክ ስታወራ ትፈራ ነበር፣ ፈጣን ነው፣ አክሰንቱም ይከብዳል። እሷ አክሰንት ላስተካክል ብላ ነበር፣ እኔ የሱ አክሰንት እንጂ ያንቺ ምን ሆነ አልኳት። የሰራው ነገር ቀላል ነው፣ ከስልኩ በፊት የምትጠይቀውን ጽፋ ትይዛለች፣ እያወራ ቁጥርና ቀን ብቻ ትመዘግባለች፣ መጨረሻ ላይ የያዝኩትን ላንብብልህ ብላ መልሳ ታነብለታለች። የተሳሳተ ካለ እዛው ያርማል። ከዛ ስልኩ እንደተዘጋ ያወሩትን አጠር አድርጋ በኢሜይል ትልክለታለች፣ ስህተት ካለው አሳውቀኝ ብላ። ይሄ የእንግሊዝኛ ድክመት መሸፈኛ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ፣ ኧረ አይደለም፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት የክሌም ሰውም እንደዚህ ነው የሚሰራው፣ ፋይሉ ላይ የሌለ ስልክ አልተደወለም ማለት ነው።

ክሌሙ እንዴት አለቀ? ጣሪያው ስር የነበሩት ጥቅሎች ላይ ክርክር አልነበረም፣ ኤክሰሱ ተቀንሶ ተከፈለ። በሩ አካባቢ የነበሩትን ሰርቬየሩ በድጋሚ እንዲያያቸው አደረግን፣ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ አይነት ነበር፣ ከብሮከሩ ጋር ተደራድረን በስምምነት መጠን ዘጋነው። ሪኢንሹረሩ ድርሻውን ያለ ጥያቄ ከፈለ፣ ይሄ የሆነው ከመጀመሪያው ሪፖርት ጀምሮ የሚታወቀውና የማይታወቀው ተለይቶ ስለተጻፈለት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ኋላ ላይ የላብ ጉዳይ ሲነሳ አዲስ ነገር አልሆነበትም። ከመርከብ ድርጅቱም የተወሰነ ተመልሷል፣ የፈለግነውን ያህል አይደለም፣ የአንድ ዓመቱ ጊዜ ሳያልፍ የጊዜ ማራዘሚያ በጽሁፍ የጠየቀችውም እሷ ናት፣ ማንም ሳያስታውሳት።

አሁን የካርጎ ፋይሎችን ራሷን ችላ ትይዛለች። ሁሉም ነገር ተፈታ አልላችሁም። ስልክ ላይ መጠን ስትደራደር ዛሬም ይከብዳታል፣ ሰውየው ቶሎ ቶሎ አማራጭ ሲያቀርብላት በጽሁፍ ላክልኝ ትላለች፣ ያ ያዋጣል ግን አንዳንዴ እዛው መጨረስ የሚቻል ነገር ይጎተታል። ሌላው አሁን የምትሰራበት የእምቢታ ደብዳቤ ነው። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ ሰው ንብረቱ ጠፍቶ አይከፈልህም ትለዋለህ፣ ጨካኝ መሆን የለበትም፣ ግን ደግሞ ሊተው የሚችል ነገር እንዳለ ማስመሰልም የለበትም። ሰሞኑን ያሳየችኝ ድራፍት ላይ መጀመሪያ የሆነውን ነገር ያለ ፍርድ ታስቀምጣለች፣ ቀጥላ የፖሊሲውን አንቀጽ ቃል በቃል ትጠቅሳለች፣ ከዛ ሁለቱን ታገናኛለች፣ መጨረሻ ላይ ይሄን የሚቀይር ተጨማሪ ማስረጃ ካላችሁ ላኩልን እናየዋለን ትላለች። ሁለቱን የምታገናኝበት አንቀጽ ላይ ሁለት ቦታ ፊል የሚል ነበረ፣ ይመስለናል የሚል፣ በእርሳስ ከበብኩትና መለስኩላት።